የሳን ኢላሪዮ ባዳ

በሳን ኢላሪዮ ሰፈር ክሪስፒን ኦቾዋን «እንደምን አደሩ» ያለ ሰው የሰፈሩ ጠላት ነበር። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ባቄላውን ከነቆርቆሮው ሲበላ ያየ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ኳሳቸው ጓሮው የገባባቸው ልጆች ኳሱን እርም ይሉታል እንጂ በሩን አያንኳኩም። ባለፈው ብርድ ደረቱን አሞት ሲያስል በከረመ ጊዜ አንዲት አዲስ ሙሽራ አንጀቷ አልችል ብሎ የዶሮ ሾርባ ደጃፉ ላይ ብታኖርለት፣ አማቷ ተንደርድራ ሄዳ ሾርባውን ለውሻ ደፋችውና ሙሽራይቱን በጥፊ አላሰቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰፈሩን ልታፈርሺው ነው?»

ሰውዬውን ጠልተውት አይደለም። ከእሱ አስበልጠው የሚሳሱለት ሰው ስለሌላቸው ነው።

ማሽን የሰውን የልደት ወረቀት፣ የሰውን ፎቶግራፍ፣ ሲብስም ቪዲዮ ላይ ቁጭ ብላ «ልጄን!» እያለች የምታነባ የሰው እናት ሳይቀር ጠፍጥፎ መሥራት ከለመደ ወዲህ፣ በቴክሳስ ወረቀት የሽንኩርት መጠቅለያ ሆኖ ቀርቷል። መንግሥትም ወደ ጥንቱ፣ ወደ ሰው አፍ ተመለሰ። ጥሪ የደረሰው ሰው «እዚህ ተወልዷል፣ ሲያድግም አይቻለሁ» የሚልለት አንድ ሕያው ምስክር ይዞ ችሎት ይቀርባል። ምስክሩ ባዳ መሆን አለበት። የሥጋ ዘመድ አይሆንም፣ አማች አይሆንም፣ አበልጅም አይሆንም። ዘመድ ለዘመዱ ይዋሻላ! ቴሌቪዥኑ ዓመት ሙሉ የተከራከረው በዚሁ ነበር። አንዱ ሊቅ አገር ማለት ትልቅ ቤተሰብ ነው ሲል ሌላው ሊቅ ከት ብሎ ይስቅበታል። በመጨረሻ ያሸነፈው የሳቀው ነው። «አገር የባዳዎች ውል ነው» ተብሎ በየችሎቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። ምስክር ያጣ ሰው ስሙ ወደሚመስለው አገር ይሄዳል። መባረር አይሉትም፤ ሽኝት ይሉታል።

ስሚዝና ሚለር የሚባሉት ሰዎች ጥሪ ደርሷቸው አያውቅም። ቢደርሳቸውም አይቸገሩም፤ ከጎረቤታቸው ጋር ዕድሜ ልካቸውን አንድ አጥር ተጋርተው ስለማይነጋገሩ ባዳ እንደ አሸዋ ሞልቷቸዋል። ሳን ኢላሪዮ ግን በዚህ በኩል የተረገመ ሰፈር ነው። ሰዉ ያገኘውን ሁሉ አበልጅ ማድረግ ይወዳል። ሕፃን ሲጠመቅ ክርስትና የሚያነሳ ሰው ይፈለጋል፤ ይህ የትም ያለ ነው። እዚያ ግን ልጅቱ አድጋ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ለኬኳ አንድ የክርስትና አባት፣ ለጫማዋ ሌላ፣ ለዘውዷ ሌላ፣ ለሙዚቀኞቹ ሌላ ይያዝላታል። መኪና ሲገዛ ለመኪናው። ጣራ ሲቀየር ለጣራው። አንዲት ሴትማ ለፍሪጅ ክርስትና አንስታለች፤ ፍሪጁ ከሞተ ቆየ፣ አበልጅነቱ ግን እስከ ዛሬ እንደ ጸና ነው። እንዲህ ሲጠላለፉ ኖረው ሕጉ በወጣ ማግስት ቢተያዩ፣ ለማንም ምንም ያልሆነ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶላቸዋል። ክሪስፒን ኦቾዋ ከወጣትነቱ ጀምሮ አኩራፊ ስለነበረ ክርስትና አንሳልኝ ብሎት የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ኩርፊያው የሰፈሩ ሀብት ሆነ። ችሎት ውስጥ «ጆሮ» የሚሉት ነገር አለ፤ የእንቁላል መጠን፣ ነጭ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። ስለ ሌላው የሚናገር ሰው ድምፅ ውስጥ ፍቅር ካለ ይቀላል። ውሸትን ለይቶ አያውቅም፤ የሚዋሸው ዘመድ ነውና ዘመዱን መያዝ ይበቃል ብለው ነው። ጆሮውን ያቀላ ምስክር አፉ ይታሸጋል፤ እስከዚያ ቀን የመሰከረላቸው ሁሉ እንደ አዲስ ይጠራሉ። ክሪስፒን ደግሞ ስለ ሰው ሲናገር ስለ መብራት ምሰሶ የሚናገር ነው የሚመስለው። «አዎ፣ እዚያ ቆማ አይቻታለሁ» ይልና ይቀመጣል። በዚያ ድምፅ ያልተረፈ ቤት በሰፈሩ የለም። ታዲያ ያንን ድምፅ በሾርባ የሚያሞቅባቸውን ሰው በጥፊ ባይመቱ ነበር የሚገርመው።

የዶሚቲላ ባራሃስ ጥሪ የመጣው የፋሲካ ሰሞን ነው። ዓርብ ቅረቢ ይላል።

ዶሚቲላ የድግስ ልብስ ሰፊ ናት። አፏ እንደ መቀሷ የሰላ ነው፤ ልቧ ግን የገበያ በር፣ ማንም ዘው የሚልበት። የሰፈሩ ልጅ ግማሹ የክርስትና ልጇ ነው። የተወለደችው እዚያው ሳን ኢላሪዮ፣ ጎርፉ አንዲት ላም ከነጥጃዋ ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ባስቀመጠበት ዓመት ሲሆን፣ ድንበር የሚሉትን ነገር በዓይኗ አይታው አታውቅም። አዋላጇ ሞታለች። የዚያን ዕለት አዋላጇን በጀርባው አዝሎ ጎርፉን ያሻገረው ጎረምሳ ግን በሕይወት አለ፤ ባዳው ክሪስፒን።

እሱን በከንቱ ላለማድከም ብላ መጀመሪያ ወይዘሮ ሆላንድ ዘንድ ሄደች። ወይዘሮ ሆላንድ ከወንዙ ወዲያ ባሉት ባለ ሣር ቤቶች የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ግን ሳን ኢላሪዮ ጫፍ ላይ ነው። ዶሚቲላ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀሚሳቸውን ስታጥፍ፣ መጋረጃቸውን ስትሰፋ ኖራለች። በሩን ከፍተው በትህትና አዩዋት።

«ውዴ፣ ፊትሽን አላስታውሰውም» አሉ። ቀጥሎ ዓይናቸው ዝቅ አለና ፈገግ አሉ። «እጅሽን ግን የትም ባየው አውቀዋለሁ።»

«ለእጄ አይመሰክሩለትም?»

«ለእጅ ችሎት አለ እንዴ?» አሉ፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ተመለሰች። ክሪስፒን ምስክሯ ሆኖ ተመዘገበ፤ አንዴ ከተመዘገበ ወዲያ የሚቀር ምስክር አፉ እንደ ታሸገ ይቆጠራል። ሰፈሩ እፎይ አለ። እነ ክሪስፒን እያሉ ማን ይሸኛል?

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ አስፋልቱን እንደ ቅቤ ስታቀልጠው፣ ሽማግሌው ከበረንዳው ወርዶ መንገድ ገባ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። ሰፈሩ ከየመጋረጃው ጀርባ ሆኖ አየው። ፎጣው ውስጥ ያለው ሕፃን ነበር። ለካ ክሪስፒን በሌላ ከተማ ሴት ልጅ ነበረችው፤ ጠይቆት የሚያውቅ ስለሌለ ያወቀ አልነበረም። ልጁ በወሊድ ሞተችና የወለደቻትን ሕፃን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አምጥቶ አስታቀፈው። ሐኪም አይቷት ራሱን ነቅንቋል። ከንፈሯ እንደ በሰለ እንጆሪ ጠቁሯል። አባ ኡርባኖ አጠምቃለሁ ብለዋል፤ ግን ክርስትና የሚያነሳላት ሰው ከሌለ እንዴት ብለው?

የመጀመሪያውን በር አንኳኳ።

«ክርስትና አንሺልኝ።»

«ዶን ክሪስፒን፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፣ ይሂዱልኝ! ጥሪዬ ነገ ቢመጣስ?»

ሁለተኛው በር አልተከፈተም። «ቤት ውስጥ ሰው የለም!» አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

«ታዲያ አንተ ማነህ?»

«ራዲዮ ነኝ።»

እንዲህ እያለ ከበር በር ሄደ። በሰፈሩ ወግ ክርስትና አንሳ ተብሎ እንቢ የሚባል ነገር የለም፤ እንቢ ያለ ሰው ቤት ሳቅ አይገባም ይባላል። የዚያን ቀን ግን ሳን ኢላሪዮ በሙሉ እንቢ አለ። ሽማግሌው የዶሚቲላ ቤት ጋ ሲደርስ ደግሞ በሯን ላለማለፍ ብሎ መንገዱን ተሻገረና በማዶው ጠርዝ ራሱን ደፍቶ አለፈ።

ዶሚቲላ በመስኮት እያየችው ነበር። አበልጇ ቼላ ክንዷን ጥፍር አድርጋ ይዛታለች።

«አላየሽም» አለች ቼላ። «ዓርብ እኮ ደረሰ። ዝም በይ፣ አላየሽም።»

«ሕፃኗ...»

«ሕፃን ያለቅሳል።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ አበልጄ። ማልቀስ አቅቷታል።»

ቼላ ክንዷን ለቀቀቻት። መልቀቅ አስባ አይደለም፤ እጇ ነው የከዳት።

ዶሚቲላ መርፌው አንገትጌዋ ላይ እንደ ተሰካ ወጣች። «ዶን ክሪስፒን!»

በየቤቱ መጋረጃው ሁሉ ቀጥ አለ።

«አንቺን አልጠየቅኩም» አለ ሳይዞር። «ግቢ ወደ ቤትሽ።»

«ስሟ ማነው?»

«ዶሚቲላ ባራሃስ! ግቢ ብዬሻለሁ!»

«እርስዎ ሰውዬ፣ የእኔን ስም አላጣሁትም። የልጅቱን ነው የጠየቅኩት።»

ፎጣውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «ስም የላትም» አለ። «ስም የሚያወጣላት ሰው እኮ ነው ያጣሁት።»

አባ ኡርባኖ ውሃውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው እያለከለኩ መጡ። ከኮርኒሱ በተንጠለጠሉት ሮዝና ቢጫ ቀሚሶች ሥር፣ የልብስ ስፌት መኪናው አጠገብ፣ ሕፃኗ በዶሚቲላ እጅ ላይ ተጠመቀች። ዶሚቲላ የእናቷን ስም አወጣችላት፤ ኤልቪራ። ውሃው ግንባሯን ሲነካው ልጅቱ ቀጭን ድምፅ አወጣች፤ የበር ማጠፊያ ሲጥ የሚለውን ያህል ብቻ።

«እንግዲህ አበልጅ ሆናችኋል» አሉ አባ ኡርባኖ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ተቃቀፉ።»

ክሪስፒን ሰው አቅፎ አያውቅም። ሶፋ ሊያነሳ ያሰበ ይመስል ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ከየት እንደሚያስገባ ፈልጎ አጣ። ዶሚቲላ ራሷ ሳበችው። «ና እዚህ፣ አበልጄ። አንተ ደግሞ፣ እንጨት!» አንተ ያለችው ገና ያኔ ነው። ከዚያ ምግብ አቀረበችለት። ሽማግሌው ሦስት ሳህን በላና አራተኛውን በዓይኑ ለመነ።

ሐሙስ ልምምድ ሆነ። ቼላ ከገበያ የጆሮ ማስመሰያ አመጣች፤ ፍቅረኛሞች ለመፈታተኛ የሚገዙት፣ ፕላስቲክ፣ ግን የሚሠራ። ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና እንደ መርማሪ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይህቺ ሴት ምንዎ ናት?»

«ምኔም አይደለችም።»

ቀላ።

«ቀዝቀዝ ያድርጉት፣ ዶን ክሪስፒን። እንደ ድሮው። የመብራት ምሰሶ ያስቡ።»

«ምሰሶ አስቤ እኮ ነው።»

«እንግዲያው ምሰሶውንም ወደዱት ማለት ነው!»

በበረዶ ውሃ አፉን ተጉመጠመጠ። ጀርባውን ሰጥቶ ሞከረ። ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረ። በመጨረሻ ስድብ ይሻላል ተባለና ደረቱን ነፍቶ፣ «ይህቺ አፈኛ! ይህቺ ጨርቅ ቀዳጅ! የሰፋችው ቀሚስ ላይ ቁልፉ ከቀሚሱ በፊት ነው የሚያረጀው!» አለ። ጆሮው እንደ ቲማቲም በሰለ። ዶሚቲላ ሳቋ አምልጧት ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው። ሳቋ ሲያልቅ ግን ማንም ማንንም አላየም።

ወደ ማታ ሰፈሩ አንድ በአንድ አጥሯ ጋ መጣ። ራዲዮ ነኝ ያለው ሰውዬም መጣ። በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ ታማሌ ይዘው፣ ብርቱካን ይዘው። «ዶሚቲላ፣ እኛ ምንም አንልሽም» ይላሉ። ቆም ይሉና ደግሞ፣ «ምንም አንልሽም» ይላሉ። ጥፊ ያቀመሰችው አማት ልጆቿን አሰልፋ አምጥታ አጥሩ ሥር አቆመቻቸው፤ እሷም ምንም አላለችም። ክሪስፒን ነገ ጆሮውን ካቀላ የሚጠሩት እነዚያ የቆሙት ናቸው። ዶሚቲላ ታማሌውን ተቀበለች። አንድ በአንድ አመሰገነች።

ኤልቪራ ዓርብ ጠዋት ገና ትተነፍሳለች። ለቼላ ተውዋትና ሄዱ።

መርማሪው ሳላዛር ይባላል፤ የደንብ ሰው፣ ጨዋ፣ ፀጉሩ የተላሰ። ወንበር ሳበላት፣ ውሃ ቀዳላት። «አያቴ ከድንበሩ ማዶ ነው የመጣው ሲሉ ሰምቻለሁ» አላት እንደ ማጫወት። «እኔ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ዘመድ የለኝም።»

ከዚያ ደንቡን አነበበላት። «ትውልዴ ማዶ ነው ካሉ ጉዳዩ እዚህ ያልቃል፤ ምስክር አይሰማም፣ ምስክሩም በሰላም ይሄዳል። እዚህ ነው ካሉ ወደ ምስክሩ እናልፋለን። የት ተወለዱ?»

ክሪስፒን ከጎን ተቀምጦ የበረዶ ውሃውን ይጠጣል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ለዚህ ቀን የሞት ልብሱን፣ ለቀብሩ ያስቀመጠውን ሱፍ ለብሶ መጥቷል። ዶሚቲላ ዘወር ብላ አየችው፤ እሱም አያትና፣ አይዞሽ ለማለት፣ ፈገግ አለ። በዚያ ፊት ላይ ፈገግታ ማንም አይቶ አያውቅም። እንኳን የችሎቱ ጆሮ፣ ደንቆሮ ግድግዳ ይቀላል በዚያ ፈገግታ።

«ማዶ» አለች።

«የት ማዶ?»

ማዶን አታውቀውም። እናቷም አታውቀውም ነበር። አፏን ከፈተችና የመጣላትን ለቀቀችው። «ሳንታ ጓያባ የሚባል መንደር። ተራራ ላይ ነው። ወንዙ ሽቅብ ነው የሚፈሰው፤ ሴቶቹ ልብስ ሲያጥቡ ሳሙናው ወደ ላይ እየሸሸ ያስቸግራቸዋል።»

መርማሪው ራሱን ነቀነቀ። «ይቀጥሉ።»

«ዶሮዎቹ ጥርስ አላቸው። ሰው እንዳይነክሱ የዓሣ አጥንት ይሰጣቸዋል። አባቴ የመንደሩ ጳጳስ ነበር፤ እናቴን ያገባት ንስሐ ስትገባ ነው።»

«ጳጳስ» አለ ሳላዛር በእርጋታ። ቅንድቡ እንኳ አልተነሳም። ዶሚቲላ እየዋሸች ጠበቀችው፤ አሁን ይስቃል፣ አሁን ያቆመኛል ብላ። አላቆማትም። እዚህ ተወለድኩ ለማለት ባዳ አምጪ፣ ድምፅ አስለኪ ሲሏት የኖረች አገር፣ እዚያ ተወለድኩ ስትል በእሷ ቃል ብቻ ረካች። በራስ ላይ ለመዋሸት ለካ ምስክር አይጠየቅም።

ክሪስፒን ብርጭቆውን ጥሎ ተነሳ። «ውሸት ነው! በጎርፉ ዓመት እኔ ራሴ አዋላጇን...»

«እኚህ ሰውዬ ማናቸው?» አለች ዶሚቲላ። የገዛ ድምፅዋን አላወቀችውም። ደረቅ ነበር፣ ቀዝቃዛ፣ ስለ ምሰሶ እንደሚያወራ ሰው። «ከየት ነው ያመጣችሁብኝ?»

ጆሮው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ሳላዛር ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባት፣ ይህችን ሴት ያውቋታል?»

ክሪስፒን አያት። እሷ ግን ግድግዳውን ነው የምታየው፤ አየሁት ማለት ገደልኩት ማለት ነው።

«የት አይቻት?» አለ።

ነጭ።

በዕድሜው ከተናገረው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነበር። የሰፈሩ ሰው ቢሰማ በትከሻው ተሸክሞት በዞረ። ዶሚቲላ በጠባቂ ተይዛ ስትወጣ ደስ ሊላት ሞከረ፤ አልሆነላትም። ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም። ፈልጋ ፈልጋ ቅንጣት አጣችበት። እስከ አውቶቡሱ ደረጃ ድረስ «ለእኔ ብሎ ነው፣ ለእኔ ብሎ ነው» እያለች ሄደች፤ ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ሾፌሩ ካርታው ላይ ሳንታ ጓያባን ፈልጎ አጣው። «ካርታው አርጅቶ ይሆናል» አለው ጠባቂው፤ መኪናው ተነሳ።

አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሪዛም ጎልማሳ ነው፤ ሲያለቅስ ሪዙ ረጥቧል። አፍንጫውን ጠርጎ ጠየቃት።

«እናቴ፣ እዚያ ዘመድ አለሽ?»

«አንድም የለኝ። አንተስ?»

«እኔም።»

ዶሚቲላ ወደ እሱ ዞረችና ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናች። «እንግዲያው ደህና አድርገህ እየኝ» አለችው። «ይህቺን ጠባሳ እያት። አፍንጫዬንም። አንድ ቀን ይጠይቁሃል፤ ከአንተ ሌላ ባዳ የለኝም።»

ሰውዬው ግራ ገብቶት ደህና አድርጎ አያት። ከቦርሳዋ የታማሌው ሽታ ይወጣል፤ ጠዋት ቼላ በጨርቅ ጠቅልላ የሸጎጠችላት፣ ገና ለብ ያለ። ጎልማሳው ሽታውን ሳበና ምራቁን ዋጠ፤ ከትናንት ጀምሮ እንዳልበላ ያስታውቃል። የዶሚቲላ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ቦርሳው ሄደ፣ የጨርቁን ቋጠሮ ያዘ።

ከዚያ ቋጠሮውን ለቀቀችው። ቦርሳውን ወደ እግሯ ሥር ገፋችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።